ሐዘን እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት

ያንን ቀን የሚቀሰቅስብኝ የፕላስቲክ ሽታ ነው። አዲስ ባንዲራ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸተው ያ የቀለምና የጎማ ሽታ። ትናንት ልጅሽ ሁለት ትናንሽ ባንዲራዎች ይዛ መጣች፤ አንዱን በመኪናው መስኮት ላይ ሰካች፣ ሌላውን አፍንጫዬ ሥር አውለበለበችልኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። «ሳቭታ፣ ማ ቃራ?» አለችኝ። በዕብራይስጥ አያቴ፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ምንም አልሆንኩም አልኳት። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ለበዓል የመጣች፤ ምን ልበላት? ለአንቺ ለልጄ ግን እነግርሻለሁ። ለአባትሽ እንኳ የነገርኩት ግማሹን ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በሱዳን በኩል መጥተን እዚህ አሽቀሎን ከገባን ሰባት ዓመት አልፎናል። የምንኖረው አቲቆት የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው የበረኪናና የዓሣ ጥብስ ሽታ አይለየውም፤ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ቀን ከሌት ያስፏጨዋል። አባቴ ፋብሪካ ይሠራል፣ እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ታጸዳለች። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ይባላል። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ እኩሌታውን እሰማለሁ፣ እኩሌታውን እገምታለሁ።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የመጣችው ከሁላችን በኋላ ነው። እኛ ከጎንደር በእግር ስንወጣ ጉልበቷ አልችል ብሎ ቀርታ ነበር። ኋላ በዚያ በአውሮፕላኖቹ ጊዜ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ከሰው ጋር ተፋፍጋ ተቀምጣ፣ ከአዲስ አበባ መጣች። መጀመሪያ ሰሜን በኩል ሆቴል ውስጥ አስቀመጧት፤ ወደ እኛ ቤት ያመጣናት ለፋሲካ ነው። አንድ የመጨረሻ ልጅ ነበራት፣ ከእኛ ጋር የላከችው። ትንሹ አጎቴ። ስንወጣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ ሞተ። እናቱ ግን አላወቀችም።

እንዴት አላወቀችም ትይኝ ይሆናል። መርዶ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም። በደብዳቤ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ ሰው በሰው ተደግፎ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ መዋሸት ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም ደግነት ነበር። አባቴም በየደብዳቤው «ሁላችንም ደኅና ነን» እያለ ሲጽፍ ኖረ። አገር ገብታ የመጀመሪያ ቃሏ «ልጄስ?» ሲሆንበት፣ «ጦር ሠራዊት ገብቷል፣ እምዬ፤ ሩቅ ድንበር ላይ ነው» አላት። መጀመሪያ ከመንገድ ነው የመጣችው፣ ትረፍ ተባለ። ከዚያ ሐኪም ቤት ተኛች። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ከዚያ የነፃነት በዓል መጣ። ሁልጊዜ «ከበዓሉ በኋላ» ነበር።

እኔን ይኼ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አትክልት የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ያውቃል። የገዛ ልጇ ሞት ለአገሩ ሁሉ ታድሎ ለእርሷ ብቻ ሳይደርሳት ቀረ።

«ይኼ ፍርድ ነው?» እለው ነበር አባቴን።

«አንቺ አትግቢበት። ልጅ የመርዶ ነገር አያውቅም።»

«ልጅ ባልሆንስ? አንተስ መቼ ልታውቀው ነው?»

እናቴ ከኩሽና «ምላሷን እዩልኝ!» ትላለች፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

አያቴ ደግሞ በወታደር ልጇ ኮራች። ሐኪም ቤት ለነርሷ በአማርኛ ትነግራታለች፤ ነርሷ ምንም ሳይገባት ራሷን ትነቀንቃለች። ወታደሮች ለሰንበት ወደየቤታቸው የሚገቡት ዓርብ ዓርብ እንደሆነ ከጎረቤት ሰማች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ በጠዋት ተነሥታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ትሄዳለች። መንገዱን ያጠናችው በሱቆች ቀለም ነው። እዚያ ብረቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ወታደር ሁሉ ፊቱን ታያለች። እኔን ጠብቂያት ተብዬ ተልኬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የናፍጣው ጭስ፣ የጠመንጃው ዘይት፣ የላባቸው ሽታ። የኛን መልክ ያለው ሲወርድ ክንዱን ለቀም ታደርገዋለች።

«ና እስቲ አንተ ልጅ! የማን ልጅ ነህ?»

«ሳቭታ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል!»

«ያምልጥህ፣ ሌላ ይመጣል። ልጄን ታውቀዋለህ? ረጅም ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት።»

«ሳቭታ፣ ሠራዊቱ እኮ ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ቢሆንስ? እኛን የሚመስል ስንት አለበት? ትጣላላችሁ እንዴ፣ አትተያዩም?»

አጠገባችን ያሉት ይስቃሉ፣ ልጁም ይስቃል። ዳቦ ትቆርስለታለች፤ ጉልበቷን ስሞ፣ አፉ እንደሞላ እየሮጠ ይሄዳል። እኔ ወለሉ ላይ የተጣበቀውን ማስቲካ እቆጥር ነበር።

በዓሉ በቀረበበት ሳምንት መምህርቷ የቀኑን ታሪክ ነገረችን። ደግ ሴት ነበረች፣ አልዋሽም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ ተቻኩለው፣ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ አገር አለን» ብለው አነበቡ አለችን። በማግሥቱ ጦርነቱ ባሰ፤ ከየአገሩ ተርፈው የመጡ፣ ቋንቋ እንኳ ያልተማሩ ልጆች ከመርከብ ወርደው ጠመንጃ ይዘው ሞቱ። ስለዚህ የነፃነት በዓል ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ለሞቱት ይታዘናል። ጽፊራ ይነፋል፣ ያ የአደጋ ጊዜው ሲረን ማለት ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዝቅ ያለው ባንዲራ ከፍ ይላል፤ ሐዘኑ ያልቃል፣ ደስታው ይገባል። «አገሩ በነፃ እንዳልተገኘ እንድታውቁ ነው» አለች።

እጄን አወጣሁ። ሁለት ጥያቄ ነበረኝ። አንደኛው፣ እዚህ አሽቀሎን፣ ሚግዳል የሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ያሉት የድሮ የድንጋይ ቤቶች ከዚያ በፊት የማን ነበሩ የሚል ነበር። «የዐረቦች» አለች፤ የት ሄዱ ስላት፣ «እሱ ሌላ ትምህርት ነው» ብላ መስኮቱን ከፈተች። ሁለተኛው፣ ወደዚህ ስንመጣ መንገድ ላይ የሞቱብን ሰዎች በጽፊራው ይቆጠራሉ ወይ የሚል ነበር። «እነሱ ወታደሮች አይደሉም» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ። ከዚያም ሌላ ልጅ ጠየቀ።

በዋዜማው ማታ ቤት ነበርን። ጽፊራው ሲነሣ እናቴ ድስቱን አስቀመጠች፣ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። አያቴ እኛን አይታ ተነሣች። ዝም ሲል ምን እንደሆነ ጠየቀች። አባቴ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እኔ መምህርቷ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። ያላወቀችው ነገር ይመስለኝ ነበር። እርሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ምኑ ይከብዳል? አገር ቤት እንደምናከብረው ስግድ ነው። ተራራ ትወጫለሽ፣ ትጾሚያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፤ ቀኑ ሲገመስ ወርደሽ ትበያለሽ፣ ትዘፍኛለሽ። ደስታ ያለ ልቅሶ የት አገር አለ?» ደግሞም፣ «የሞተበት ሰው እንዴት ነው የሚረዳ? በዚህ አገር መርዶ ማን ነው የሚናገር?» አለች።

«መኮንኖች ናቸው» አልኳት። «ሦስት ሆነው፣ ሐኪም ይዘው፣ ቤት ድረስ መጥተው በር ያንኳኳሉ። በስልክ አይነግሩም።»

«እሰይ» አለች አያቴ። «ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሰውን ሳይነግሩት አያስቀምጡትም።»

አባቴ ተነሥቶ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ሲጋራ አያጨስም ነበር፤ ያን ማታ ግን ብዙ ቆየ።

በማግሥቱ ጠዋት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ነጭ ሸሚዝ አልነበረኝም፤ ለሥነ ሥርዓቱ ነጭ ያልለበሰ አይቆምም ተብሎ ነበር። አያቴ ቀድማኝ ከቤት ወጥታ ኖሯል። ለነፃነት በዓል ወታደሮች እንደሚለቀቁ ሰምታለች። እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ «ሂጂ መልሻት» አለችኝ። ሮጥኩ።

ጣቢያው ውስጥ ያ ብረት ወንበር ላይ አገኘኋት። ዳቦው ጉልበቷ ላይ ነው። ቀኑ ይሞቅ ነበር፣ ገና ከረፋዱ አስፋልቱ ይሸታል። ከአጠገቧ ፀጉሯን ባጭሩ የተቆረጠች፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ሴትዮ ቆማለች። በእጇ ነጭ አበባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይዛለች፣ ደረቷ ላይ ደግሞ ቀይ አበባ የታተመባት ትንሽ ወረቀት ለጥፋለች፤ ለሞቱት ወታደሮች የሚደረግ ምልክት ነው። ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። ወደ መቃብሩ የሚወስዳት አውቶቡስ ዘግይቶባታል መሰለኝ።

«እምዬ፣ ተነሺ፣ ቤት እንሂድ።»

«ሁለት አውቶቡስ ብቻ ልይ።»

ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጽፊራው ተነሣ። የማታው አንድ ደቂቃ ነበር፣ የቀኑ ሁለት ደቂቃ ነው። አውቶቡሶቹ ቆሙ። ሾፌሮቹ ወርደው ከበራቸው አጠገብ ቆሙ። አንዱ ቡሬካስ፣ ያንን የአይብ ሳምቡሳ፣ ጎርሶ ማኘኩን ተወ። ሰው ሁሉ እንደ ዛፍ ሆነ፤ ድምፁ ከጣሪያው ጋር እየተላተመ አጥንቴ ውስጥ ገባ። አያቴም ቀጥ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልክ እንደነገርኳት። ሴትዮዋ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ የላትም። እንባዋ ብቻ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚይዛትም ሰው የለም።

አያቴ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ይችን ልጇ ሞቶባት ነው?»

«አዎ። ዝም በይ።»

«ብቻዋን? ሰው ሁሉ ቁሞ እያየ?»

ልይዛት እጄን ስዘረጋ አመለጠችኝ። አንድም ሰው በማይንቀሳቀስበት በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ዳቦዋን ወንበሩ ላይ ትታ ሄደች፣ የማታውቃትን ሴት ወገቧን አቀፈች፣ ራሷን ወደ ሰማይ አድርጋ በጎንደር ልቅሶ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ማን ያውቅልሽ ይሆን የልጅሽን ቁመት፣
በሩን ጎንበስ ብሎ የገባብሽ ዕለት።»

ጽፊራው ላይ ወጥቶ ተሰማ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ዓይኑን ብቻ አዞረብን። ከኋላችን አንድ ሰው በጥርሱ መሃል «ሼኬት!» አለ፣ ዝም በሉ ማለቱ ነው። እፍረት ጆሮዬን አቃጠለው። ልነቅላት ይገባኝ ነበር፣ እግሬ ግን እንደ ሌላው ሰው እግር ቆሞ ቀረ። ሴትዮዋ መጀመሪያ እንጨት ሆነችባት። ኋላ ግን አበባው ከእጇ ወደቀ፤ ፊቷን የአያቴ አንገት ሥር ቀብራ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዐዋቂ ሴት እንደዚያ ስታለቅስ በዚህ አገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽፊራው እየወረደ እየወረደ ጠፋ። ሾፌሮቹ ገቡ፣ ሞተር ተነሣ፣ ያም ሰውዬ ቡሬካሱን አኘከ። ሴትዮዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። «እርሷስ ማንን ነው ያጣችው?»

«ምን ትላለች?» አለች አያቴ።

«ማን ሞቶባት ነው ነው የምትልሽ።»

አያቴ ፊቷ በራ። «ኧረ በያት፣ እኔስ እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልሞተብኝ። ልጄ ወታደር ነው፣ በሕይወት አለ፣ ዛሬ ለበዓሉ ይመጣል በያት። እሷን ያጽናት በያት።»

አፌን ከፈትኩ። አሁን የምነግርሽን ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ፤ እስከ ዛሬ ለምን እንዳደረግሁት በውል አላውቅም። አያቴ ዕብራይስጥ አትሰማም፤ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ቢያውቅልኝ ብዬ ይሆናል። ወይም ያንን ውሸት በራሴ ምላስ መናገር አቅቶኝ ይሆናል። ወይም ደግሞ አባቴን ለመበቀል ይሆናል። ብቻ በዕብራይስጥ እንዲህ አልኩ፦ «ልጇ ሞቷል። ወደዚህ ስንመጣ፣ ሱዳን። አልነገሯትም።»

የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አያቴን አቀፈቻትና ቅድም ከተለቀሰላት የበለጠ አለቀሰችላት፤ ጉንጯን ሳመቻት፣ ፀጉሯን ዳበሰቻት። የአያቴ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ አየችኝ።

«ምን አልሻት?»

«ያልሽኝን።»

«አንች ልጅ። ልጁ በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ አይለቀስም።»

ወለሉ ላይ ያለውን ማስቲካ መቁጠር ጀመርኩ።

«ዓይኔን እይኝ።»

አየኋት። በቃ፣ መርዶው ያ ነበር። ሽማግሌ የለም፣ ጎሕ የለም፣ የሚደግፋት ዘመድ የለም። ከአንድ የማታውቃት ሴት ፊት ላይ አነበበችው፤ ያስነበብኳት እኔ ነኝ።

አልጮኸችም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ የማስቲካውና የሲጋራው ቁራጭ መሃል፣ በነጭ ቀሚሷ። «ታዲያ አሁን ለማን ነበር ያለቀስኩ?» አለች። እኔን አልጠየቀችም።

ሴትዮዋ ከደረቷ ላይ ያችን ወረቀት ልጣ የአያቴ ነጠላ ላይ ልትለጥፍላት ጎንበስ አለች። አያቴ እጇን ቀስ ብላ መለሰችው። «ይህ የልጅሽ ነው። የኔ ልጅ የሰው አይቀማም» አለቻት፤ ተረጎምኩላት። አጠገባችን ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ቆሞ ኖሮ፣ «ወታደር ነበር እንዴ?» አለኝ። አልነበረም አልኩት። «እንግዲያው ዛሬ የእሱ ቀን አይደለም» አለኝ። በክፋት አይደለም። ይኼ አውቶቡስ ወደዚያ አይሄድም እንደሚባለው ነው ያለው። የክፉ ሰው ቃል ቢሆን ይረሳኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን በሰው ሞላ። አባቴ ከፋብሪካው በሥራ ልብሱ እየሮጠ መጣ፤ እናቱን አልፎ መጀመሪያ እኔን አየ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስከ ስግድ ድረስ፣ ለስድስት ወር፣ ከዚያ በኋላ ለእኔ አንድ ቃል አልወጣውም። ቄሱ መጡ፣ ጸሎት አደረሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባት ዓመት ሙሉ የታፈነ ልቅሶ ነበር። ሱዳን ውስጥ አላለቀስንለትም፤ ልቅሶው አይሁድ መሆናችንን ያጋልጣል፣ መጠለያው ሁሉ ይሰማል ተብሎ። አሁን እናቴም፣ አክስቶቼም፣ የራሳቸውን ሙታን የያዙ ጎረቤቶችም በእርሱ ስም አወጡት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ጥፋተኛ መሆኔን እያወቅሁ፣ ደረቴ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ክፉ ነሽ አትበዪኝ፤ እንደዚያ ነበር።

ምሽት ሁለት ሰዓት ሆነ። ከታች ጩኸት ተነሣ፣ ሙዚቃ ተለቀቀ። ልጆች ሲመታ ሲጥ የሚል የፕላስቲክ መዶሻ ይዘው እርስ በርስ ራስ ራሳቸውን ይማታሉ። ከሰል ላይ የወደቀ የስብ ጭስ በመስኮታችን ገባ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ ከሞሮኮ የመጣች ባልቴት፣ ኬክ ይዛ «መልካም በዓል» ልትለን ብቅ አለች፤ ሴቶቹን መሬት ላይ አየች፣ ኬኩን ይዛ ተመለሰች። የእርሷ ራዲዮ ጸጥ ሲል ሰማሁ። በቅቤ መያዣ ዕቃ የተቀቀለ እንቁላል፣ የእነርሱን የለቅሶ ምግብ፣ ይዛ ተመልሳ መጥታ፣ ምንም ሳትል ከአያቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እርሷን ነፍሷን ይማረው።

ቀጥሎ በሩን ያንኳኳው የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ ነበር። ሸሚዙ ላይ ልጆች ለበዓሉ የሚረጩት አረፋ ተለጥፎበታል፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም።

«ምን ሆናችሁ? ጎረቤቱ ይጠይቃል። ልጆቹ ፈሩ።»

«ሰው ሞቶብን ነው» አለው አባቴ።

«ዛሬ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «ቆየ። ሰባት ዓመት።»

«ሰባት ዓመት!» ሰውዬው እጁን ዘረጋ። «ታዲያ ከሰባት ዓመት በኋላ ዛሬ ማታ ነው? ሐዘኑ እስከ ሁለት ሰዓት ነበር፣ አልቋል። አሁን የደስታ ቀን ነው፣ የእናንተም በዓል ነው። ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ እባካችሁ።»

ጣልቃ ገባሁ። «ማን ነው የሐዘን ሰዓት የሚቆርጥልን?» ብዬ ጮህኩ፤ አባቴ ክንዴን ጨብጦ ወደ ኋላ ሳበኝ። ያኔ አያቴ ከመሬት ተነሣች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። በሩ ድረስ መጥታ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ምን ይላል?»

ነገርኳት፤ አንድም ቃል አላስቀረሁም።

«በዪው፣ እናንተ ልቅሶ የጀመራችሁ መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት» አለ ሰውዬው።

«የጨረሳችሁትስ?»

«ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት።»

«አንድ ሙሉ ቀን ነው። እኔ የጀመርኩ ዛሬ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። እስከ ነገ አምስት ሰዓት ተውኝ በዪው። ትርፍ አልጠየቅሁም። ከሰው እኩል።»

ተረጎምኩ። ሰውዬው ከሸሚዙ ላይ አረፋውን ጠረገ። ለአንድ አፍታ ያሸነፈች መሰለኝ። ከዚያ አያቴን ሳይሆን አባቴን አየና፣ «ግን ነገ በዓል ነው እኮ» አለው፤ ለልጅ እንደሚነገር። አባቴም «ይቅርታ፣ ልክ ነህ» አለው። እንዲህ ነበር ያለው። ሰባት ዓመት ፋብሪካ የሠራ፣ በሰው አገር ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ጎተተ። እናቴ በበሩ ሥር ፎጣ ጠቀጠቀች። ሴቶቹም አንድ በአንድ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ወደ ውስጥ አለቀሱ። ሱዳን እንደነበረው። ርችቱ ሲፈነዳ መጋረጃው ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ የሴቶቹ ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

አሁን መንገድ ላይ ለቀሩትም ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ ሌላ ቀን ተሰጥቷቸዋል፤ አንቺም በትምህርት ቤት ሄደሻል። ሹማምንቱ ይመጣሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ። ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን ያን ቀን አውቶቡስ አይቆምም። ቡሬካስ የጎረሰ ሰው ማኘኩን አይተውም።

ሰባቱ የሐዘን ቀን አልቆ ሰው ሲበተን፣ አያቴ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። ፀሐይዋ ከባሕሩ በኩል ዝቅ ብላ ነበር፤ የሰጣነው አንሶላ በላያችን ይወናጨፋል። ተናድዳብኝ ይሆናል ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ።

«አባትሽ ያሳምረዋል» አለችኝ። «ቄሱም ያሳምሩታል። አንች ማሳመር አታውቂም። እንዴት ነው የሞተ? ንገሪኝ።»

ነገርኳት። መንገዱ ላይ ከሳምንት በኋላ እግሬ አብጦ መራመድ እንዳቃተኝ፤ አባቴ ሕፃኗን እኅቴን፣ እናቴ ስንቁን ይዘው ስለነበር እርሱ ትከሻው ላይ እንዳወጣኝ። ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ የማስታውሰው ከላይ የሚታየኝን አናቱን፣ የላቡን ሽታ፣ ስንወጣ የሚያሰማውን ትንፋሽ ነው። ውኃ ሲገኝ መጀመሪያ ለእኔ ወደ ላይ ያቀብለኝ እንደነበር። መጠለያው ስንደርስ ካወረደኝ በኋላ ጀርባው አልቀና እንዳለው፣ ከዚያ ወባው፣ ከዚያ ስሜን ሲጠራ። ጎሕ ሳይቀድ እንደወሰዱት፣ የት እንዳኖሩት አባቴ ብቻ እንደሚያውቅ። እንዳላለቅስ እናቴ አፌን በእጇ እንደያዘችው።

አያቴ ሳታቋርጠኝ ሰማች። አንሶላው ሁለት ሦስት ጊዜ ፊቷን ሸፍኖ ተነሣ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ከብደሽው ነበር?»

እውነት ካልተነገረ ብዬ ቤቱን ያመስኩት እኔ፣ መርዶን ያለ ሥርዓቱ ያፈሰስኩት እኔ፣ እግሬን አየሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰውነቴ ደልዳላ ነበር። በየዳገቱ ሲያቃስት እሰማው ነበር።

«አይ፣ እምዬ» አልኳት። «ብዙውን መንገድ የሄድኩት በእግሬ ነው።»

ጣቢያው ውስጥ እንዳየችኝ አየችኝ። ዓይኔን እይኝ ልትለኝ ትችል ነበር፣ አላለችም። እግሬን ስባ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ ቅልጥሜን በዚያ በሻከረ መዳፏ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ቀስ ብላ አሸችኝ፣ ድሮ ያበጠውን ዛሬ እንደምታክም ሁሉ።

«ልክ ነሽ» አለችኝ። «እኔም አዝዬሻለሁ እኮ። ቀላል ልጅ ነበርሽ።»